በጠጠር መንገድ ወደ ክርስትና

ሐኪሙ ሆዴን በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገና «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

«መዝገብ ቤት» አልኩት።

«ገባኝ» አለ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

እንቅስቃሴ ያድርጉ ተብዬ ተሸኘሁ። እናንተም ተብላችሁ ታውቁ ይሆናል፤ እንቅስቃሴ የማይታዘዝለት በሽታ ዛሬ የለም። መጀመሪያ በእግር መሄድ ሞከርኩ። ጎንደር ውስጥ፣ በምኖርበት ማራኪ ሰፈር በእግር መሄድ ማለት ግን በየአምስት እርምጃው ከሚያውቁት ሰው ጋር ቆሞ መሳሳም ማለት ነው፤ ሁለት ሰዓት ሄጄ የተንቀሳቀሰው ጉንጬ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሩጫ ሞከርኩ። ሰው በማያውቀኝ ሰፈር ይሁን ብዬ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ቁስቋም ድረስ እየሄድኩ ዳገቱን መሮጥ ጀመርኩ። (ለመሮጥ ሚኒባስ የሚሳፈር ሰው መሆኔን ልብ በሉልኝ።) በሦስተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው የሚመለሱ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው አስቆሙኝና፣ «ማን ሞተብህ ልጄ?» ብለው እንባቸው መጣ። የሩጫ ፊቴ ያን የሚመስል መሆኑን እስከዚያ ቀን የነገረኝ አልነበረም። ተውኩት።

በዚህ መሃል ነው ጎረቤቴ አንተነህ የመጣብኝ። አንተነህ የድንጋይ መምህር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ድንጋይና ስለ ተራራ አፈጣጠር ያስተምራል ማለቴ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኪሱ ጠጠር የማይጠፋ ሰው ነው። ድንጋይ ካየ ያነሳል፤ ካነሳ ይልሳል። «ጣዕሙ እኮ ይለያያል» ይላል። እንዲህ ካለ ሰው ምክር መቀበል እንደሌለብኝ ማወቅ ነበረብኝ። እሱ ግን ጎማው ሰፋ ያለ፣ ለጠጠር መንገድ የሚሆን ብስክሌት ነበረው፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከአስፋልት ወጥቶ ይጠፋል፤ ማታ አቧራ ለብሶ እየሳቀ ይመለሳል።

«አስፋልት ላይ ባጃጅ አለ፣ ጥሩምባ አለ» አለኝ። «ጠጠር መንገድ ላይ ግን አንተ አለህ፣ ወፍ አለ፣ በቃ።»

እሱ የድሮውን ብስክሌቱን አስረከበኝ። ቀጥሎ ቁምጣው መጣ። ስለ ቁምጣው ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ያለ እሱ ታሪኩ አይሄድም። ጥቁር ነው፤ ከቆዳ ጋር የሚጣበቅ ነው፤ መቀመጫው ላይ ለአህያ ጀርባ የሚበቃ ስፖንጅ ተሰፍቶበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሼው ሳሎን ስገባ ሚስቴ ትዕግሥት ተነሳችና መጋረጃውን ዘጋች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የትዕግሥት ታናሽ ወንድም ደሳለኝ፣ ከዳባት ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ሾላ በር በምትባል መንደር የጤና ባለሙያ ነው። እሱና ሚስቱ ልጅ ሲጠብቁ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ሸለቆ ውስጥ የተወለደውን ሕፃን ሁሉ ቀድሞ ያቀፈ ሰው፣ የራሱን ሳያቅፍ ዘጠኝ ዓመት። ዘንድሮ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ደወለልኝና፣ «ክርስትና የምታነሳልኝ አንተ ነህ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እኔም መዝገብ ቤት ውስጥ፣ በሁለት መደርደሪያ መካከል፣ ማንም ሳያየኝ አለቀስኩ። ልጅ የማቀፍ ዕድል ለኔም አልሞላልኝም፤ ያ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው።

የሕፃኑ አርባኛ ቀን እሑድ ዋለ። ትዕግሥት ሐሙስ ዕለት ቀድማ ስትሄድ በር ላይ ቆማ አስጠነቀቀችኝ።

«ቅዳሜ ከዳባት የሚነሳው አይሱዙ እንዳያመልጥህ። ቄሱ አንተን ብለው ቅዳሴ አያቆሙም። አያ ፈንቴ እንደሆኑ ነጭ ለብሰው ነው የሚጠብቁት።»

አያ ፈንቴ የደሳለኝ ጎረቤት ናቸው፤ በዚያች መንደር አሥራ አንድ ልጅ ክርስትና አንስተዋል። አሥራ ሁለተኛው ቢገኝ የሐዋርያቱ ቁጥር ይሞላላቸዋል ብለው ይጓጓሉ አሉ።

«በመኪና እመጣለሁ» አልኳት። ስናገር እውነቴን ነበር። ኃጢአቱ የገባው ዓርብ ከሥራ ስመለስ ነው፤ አንተነህ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጎማ ይነፋ ነበር።

«ሾላ በር!» አለ፤ ዓይኑ በራ። «ያንን መንገድ እኮ አውቀዋለሁ! ድንጋይ ስሰበስብ ሄጄበታለሁ። መኪና በቀን አንዴ ቢያልፍበት ነው። ደግሞ ከዳባት እስከ ወንዙ ቁልቁለት ነው፤ ፔዳል መምታት እንኳ አያስፈልግህም፤ ቁጭ ብለህ መውረድ ነው። ከአይሱዙው ቀድመን እንገባለን።»

ቁጭ ብሎ መውረድ። ሃያ ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ለተቀመጠ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይነገረዋል?

ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቶቻችንን ሚኒባስ ላይ ጭነን ዳባት ደረስን። እዚያ አይሱዙው ቆሞ ነበር። ክርስትናው የሚፈልገው ነገር ሁሉ ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ ነጭ ልብሴ፣ ሱሪዬ፣ ጫማዬ፣ ለሕፃኑ የገዛሁት ማዕተብ። አንተነህ ሻንጣውን አነሳና መዘነው። «ይሄን ተሸክመህ ልትነዳ ነው? ለረዳቱ ስጠው» አለኝ። እኔም ብልህ ሰው ነኝና ሰጠሁት። «ሾላ በር፣ ለደሳለኝ» አልኩት ረዳቱን። ረዳቱ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ፤ ቁምጣው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሳ።

የመጀመሪያዋን አንድ ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ጥር ነው፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። መንገዱ ከአምባው ጫፍ ወርዶ፣ በታጨደ የገብስ ማሳ መካከል ተጥመልምሎ፣ ሸለቆው ውስጥ ይጠፋል። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሽር፣ ሽር ይላል። ከዚያ ሌላ ድምፅ የለም። ከሩቅ ከታች ወንዙ እንደ ተጣለ መቀነት ይታያል። ነፋሱ በጆሮዬ ሲገባ ዕድሜዬ በሌላኛው ጆሮዬ የወጣ መሰለኝ። እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ ግራና ቀኝ ዘረጋሁት። ጮህኩ። ምን ብዬ እንደ ጮህኩ አላውቅም፤ አንድ የላም መንጋ ግን ቀና ብሎ አይቶኛል።

አይሱዙውን ቀድመነው እንዳንገባ ያደረገን የአንተነህ ምላስ ነው። በየኩርባው ይቆማል፤ ይወርዳል፤ ድንጋይ ያነሳል፤ ይልሳል። «ይሄን ቅመሰው እስቲ!» ይለኛል። አንዴ ቀመስኩለት። ድንጋይ ድንጋይ ይላል። ስድስተኛው ድንጋይ ላይ ስንደርስ አይሱዙው በጥሩምባ አልፎን፣ አቧራውን አልብሶን፣ ሻንጣዬን ይዞ ሄደ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ አዘነልኝ።

ከዚያ በኋላ ተራራው መጣ። ቁልቁለቱ አለቀና መንገዱ በፊታችን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆመ። ከብስክሌቴ ወርጄ አንተነህን አየሁት። አንተነህም መንገዱን አየው።

«ይሄ ተራራ እዚህ አልነበረም» አለኝ።

«አንተነህ፣ አንተ እኮ ተራራ የት እንዳለ የምታስተምር ሰው ነህ።»

«አይ፣ መኖሩንስ ነበረ። በዚህ በኩል ግን አልመሰለኝም። ያን ጊዜ በመኪና ነበር የመጣነው፤ እኔም ተኝቼ ነበር።»

ያንን ዳገት ብስክሌቱን እየገፋሁ ወጣሁት ማለት ክብሬን መጠበቅ ይሆናል። እውነቱ ግን ብስክሌቱን ተደግፌ ነው የወጣሁት። ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ አንድ ጊዜ ተኛሁ። የያዝነው ውሃ አለቀ። ጀንበር ወደ ምዕራብ ስታዘነብል አናቱ ላይ ደረስን፤ ከማዶ የሾላ በር ማርያም ጉልላት ስታብረቀርቅ አየናት። በመካከላችን አንድ ትልቅ ቁልቁለት ብቻ ቀርቷል። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም።

«አሁንማ ደርሰናል!» አለ አንተነህ፣ ሌላ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ብሎ። እኔ አልጠበቅሁትም። ተንደረደርኩ።

መቶ ሜትር ያህል እንደ ወረድኩ ፍሬኑን ያዝ አደረግሁት። ያዘ። እንደገና ያዝ አደረግሁት። ሽቦው ጧ አለና እጀታው ባዶውን እጄ ላይ ቀረ። የኋላው ፍሬን ደግሞ ከድሮም ጀምሮ ለጌጥ ነበር። የክርስትና አባት ጸሎተ ሃይማኖት በቃሉ ማድረስ አለበት ስለተባልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ ነበር የሰነበትኩት፤ ያኔ ነው ሳላስበው ከአፌ የወጣው። «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ስል አንድ ኩርባ አለፍኩ። እያንዳንዱን ቃል የማለዳ ቀዳሽ እንኳ በዚያ ፍጥነት አያደርሰውም። ሁለት ፍየል መንገድ ለቀቁልኝ። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አንስተው ሰላም ሊሉኝ ሲሉ አልፌያቸው ሄድኩ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ መንገዱ ወደ ግራ ሄደ፤ እኔ ግን ቀጥታ።

ቀጥታ የነበረው አውድማ ነው። በሬዎቹ እህሉን አበራይተው ጨርሰው ገለባው እንደ ኮረብታ ተቆልሏል። እኔና ብስክሌቱ ገባንበት። ጨለመብኝ። ሁሉም ነገር ለስላሳ ነበር፤ ይሞቅ ነበር፤ ጭድ ጭድ ይሸት ነበር። መንግሥተ ሰማያት እንዲህ ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አንድ መንሽ ቀስ ብሎ ገለባውን ገለጠና የሽማግሌ ፊት ብቅ አለ። ኮፍያቸውን ሊያነሱልኝ የነበሩት ናቸው፤ በአቋራጭ ደርሰዋል።

«ተርፈሃል ልጄ?»

«መሰለኝ አባቴ።»

ጎትተው አወጡኝ። ቆሜ ስራገፍ ቁምጣውን አዩት። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ።

«ምነው ልጄ፣ ሱሪህን ቀማኞች ወሰዱት?»

«አይ አያ፣ ይሄ… የብስክሌት ነው።»

«ብስክሌቱ ምን ይለብሳል ታዲያ?» አሉኝ፤ የምር ተጨንቀው።

አያ መኩሪያው ይባላሉ። ባለቤታቸው ከቤት ወጥተው ሲያዩኝ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑና፣ ከነጠላው ሥር፣ «ኧረ አንድ ነገር ስጡት፤ ብርዱ ይገለዋል» አሉ። ብርድ አልነበረም። አያ መኩሪያው ተነፋነፍ ሱሪያቸውን አመጡልኝ። ታፋው ላይ ሰፋ ብሎ ባት ላይ የሚጠብቀውን የደጋ ሰው ሱሪ ታውቁታላችሁ። አያ መኩሪያው ቀጭን ሰው ናቸው። ወገቡ አልገጥም ሲል የበሬ ማሰሪያ ገመድ ታጠቅሁበት።

አንተነህ ብስክሌቱን እየጎተተ ደረሰ፤ ጎማው እሾህ ወግቶት ተንፍሷል። የጎማው መለጠፊያ የት አለ ብዬ ስጠይቀው በጣቱ ወደ ሾላ በር ጠቆመ። እሱም ለካ ቦርሳውን ለረዳቱ ሰጥቶት ነበር። «እንሂድ» ብል አያ መኩሪያው ወንዙን አሳዩኝ። «ድንጋይ ለድንጋይ ነው የሚሻገሩት፤ ሲመሽ አይታይም። እደሩ። ጎህ ሲቀድ ትደርሳለህ» አሉ። ራት በሉ ብለው ሽሮ በአዋዜ አቀረቡልን፤ መደብ ላይ ተኛን። እኔ አልተኛሁም። አያ ፈንቴ ነጭ ለብሰው ይታዩኝ ነበር።

እሑድ፣ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ፣ ከማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ተነሳሁ። አንተነህ በተነፈሰ ጎማ ስለማይነዳ ከአያ መኩሪያው ጋር በእግሩ ይከተለኛል፤ እኔ ልቅደም ተባልኩ። ወንዙን ብስክሌቱን ተሸክሜ ተሻገርኩ፤ በአንድ ጫማ ውሃ ገባ፤ በሌላውም ገባ። ማዶ ያለው መንገድ ሜዳ ስለነበር ያለ ፍሬን ይነዳል። ባዶ ሆዴን፣ ያለ እንቅልፍ፣ በሰው ሱሪ፣ ሄልሜቴን ደፍቼ እየበረርኩ ሳለ ከፊቴ ስድስት ሰዎች መጡ። ገመድ ይዘዋል፤ አራቱ ቃሬዛ ተሸክመዋል። ቆምኩላቸው፤ ማለት በእግሬ ጎተትኩና ቆምኩ።

«እንደምን አደራችሁ። ምን ሆናችሁ ነው?»

«ኧረ ተወን ወንድሜ» አሉኝ ከፊት የሚሄዱት ሽማግሌ። «አንድ የጎንደር ሰው ገደል ገባ።»

«በስመ አብ! መቼ?»

«ትናንት። ሻንጣው በማኪና መጣ፤ እሱ ቀረ። ረዳቱ ገደል ለገደል ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እንጃ አለ።»

«ሻንጣውን በመኪና ልኮ ራሱ በገደል የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

አትሳቁብኝ። ሞተ የተባለ ሰው ሲወራ ራሱን የሚያስታውስ ማን አለ? «መልኩ እንዴት ነው?» ብዬም ጠየቅሁ፤ መንገድ ላይ አይቼው እንደሆነ ብዬ።

«አጭር፣ ወፍራም፣ መላጣ ነገር ነው አሉ። ሱሪ አይለብስም።»

እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም ነበር። እኔ መካከለኛ ቁመት ያለኝ ሰው ነኝ፤ ደግሞም ሱሪ ለብሻለሁ። ሰዓቱ ቢያስጨንቀኝም፣ ሰው ገደል ውስጥ ወድቆ ጥሎ መሄድ እንዴት ይሆናል? ብስክሌቴን ቁጥቋጦ ላይ አስደግፌ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተቀበልኩ። ወንዙ ዳር ያለው ገደል አፋፍ ላይ ቆመን በየተራ ተጣራን። የኔ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

«የጎንደር እንግዳ ሆይ!» አልኩ።

ገደሉ «…እንግዳ ሆይ!» ብሎ መለሰልኝ።

«አይመልስም» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። «ምስኪን። ሚስት አለችው?»

«አለችው እንጂ። ስታነባ ነው ያደረች። ትዕግሥት ነው ስሟ።»

«ወይ ግጥምጥሞሽ! የኔም ሚስት ትዕግሥት ናት።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ሌሎቹም አዩኝ።

«ለደሳለኝ ልጅ ክርስትና ሊያነሳ ነበር የመጣ» አሉ ሽማግሌው፣ እያንዳንዱን ቃል እየለዩ። «መዝገብ ቤት ነው አሉ ሥራው።»

ቃሬዛውን መሬት አስቀመጥኩት። ሄልሜቴን አወለቅሁ። የጠዋቱ ፀሐይ ያን ጊዜ ነው ተራራው ላይ ብቅ ያለችው፤ መላጣዬ ላይ አረፈች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ መሰለኝ።»

አንዱ ቃሬዛ ተሸካሚ ጉልበቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ ሳቅ ነው የጣለው። ሌላው ዛፍ ተደገፈ። ገደሉ ሳቃቸውን እየተቀበለ ይመልሰዋል። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን ላደርግ? ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ተመስገን» ይሉ ነበር።

«ስምዎ ማን ነው አባቴ?» አልኳቸው።

«ፈንቴ።»

ደነገጥኩ። «አያ ፈንቴ? ታዲያ ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም? ክርስትናው…»

«ቄሱስ ልጁን አንተ አንሳ ብለውኝ ነበር» አሉ፤ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ። «ሰው ገደል ውስጥ እያለ የሱን ልጅ ቀምቼ አላነሳም ብዬ ወጣሁ። እስክንመለስ ይቆያሉ። አሁን ተነስ፤ ቅዳሴ ሊገባ ነው።»

ተነስ ሲሉኝ ነው እግሬ እንደማይሰማ ያወቅሁት። ተራራው፣ ገለባው፣ ወንዙና ገደሉ አንድ ላይ ተደምረው ጉልበቴ ላይ ተቀመጡ። አንድ እርምጃ ሄድኩና ቁጭ አልኩ። «እንግዲያ ቃሬዛው ባዶውን አይመለስም» አሉ አያ ፈንቴ። አራቱ አንስተው ጫኑኝ። አምስተኛው ብስክሌቱን ያዘ። ሩጫ ተጀመረ። እነሱ እየሳቁ ይሮጣሉ፤ እኔ ከላይ እንደ ወተት ቅል እናጣለሁ።

ማናችንም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ሴቶች ቆመው መንገድ መንገዱን ያያሉ። እነሱ የሚያዩት ቃሬዛ ነው፤ ቃሬዛው ላይ የተጋደመ ሰው ነው። እሪታው ሸለቆውን ሞላው። ከመካከላቸው ትዕግሥት ወጣች፤ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ፣ በባዶ እግሯ ትሮጣለች። ተሸካሚዎቹ ደንግጠው ቆሙ። አንገቴን ቀና አደረግሁ።

«ቅዳሴው ገባ?» አልኳት።

ቆመች። አየችኝ፤ ገለባ የሞላውን ፀጉሬን፣ ያለውን ያህል ማለቴ ነው፤ ተነፋነፌን፣ የበሬውን ገመድ። በነጠላዋ ጫፍ ሦስት ጊዜ መታችኝ። ከዚያ ያንኑ ነጠላ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሪ ያሉት ሴቶች ትንሽ ግራ ተጋቡ፤ ከዚያ አንዷ ጀመረችና እሪታው እልልታ ሆነ።

ሻንጣዬን ለመክፈት ጊዜ አልነበረም። አንድ ሰው ነጭ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ፤ ትዕግሥት ማዕተቡን ከሻንጣው መዝዛ እጄ ላይ አደረገችልኝ። ቄሱ ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቱኝ።

«የክርስትና አባት፣ በእግርህ መቆም ትችላለህ?»

«እችላለሁ አባ።»

አልቻልኩም። በአንድ በኩል አያ ፈንቴ፣ በሌላው ደሳለኝ ብብቴን ይዘው አቆሙኝ። ሕፃኑን አስታቀፉኝ። እንደዚያ የሚቀል ነገር ይዤ አላውቅም። ሰይጣንን ለመካድ ወደ ምዕራብ ስዞር ሦስታችንም አንድ ላይ ዞርን፤ ወደ ምሥራቅ ስንመለስም እንደዚያው፤ እንደ በር መዝጊያ። ጸሎተ ሃይማኖቱን ግን አንድ ቃል ሳልስት አደረስኩ፤ በዚያ ፍጥነት የተለማመደው ሰው የለምና። ከውሃው ሲያወጡት ልጁ አገር ያናወጠ ጩኸት ጮኸ፤ እኔ ደረት ላይ ሲመለስ ዝም አለና አውራ ጣቴን ያዘ። ወልደ ማርያም ተባለ። ደሳለኝን ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ክንዴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የቆየ ነገር ነውና እኔም እንዲቆም አልነገርኩትም።

ስለ ድግሱ ብዙ አላወራም። አንተነህ ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ኪሶቹ ድንጋይ ሞልተው ሱሪው ወርዷል። አያ መኩሪያውም ሱሪያቸውን ተከትለው መጥተው እስከ ማታ ሲጨፍሩ ዋሉ። አያ ፈንቴ ቃሬዛው ላይ ስላለው ሰውዬ ለእያንዳንዱ እንግዳ ተረኩ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ገደሉ ይጠልቃል፤ እኔ ደግሞ እወፍራለሁ።

ትዕግሥት ግን አላናገረችኝም። ምግብ አቀረበችልኝ፤ ጉልበቴን በቅባት አሸችልኝ፤ አንድ ቃል አልወጣትም። ሰኞ ጠዋት አይሱዙው መጣ። ደሳለኝ ከሞተር ብስክሌቱ የተረፈ ሽቦ ፈልጎ ፍሬኔን አስተካክሎልኝ ነበር። እኔ ብስክሌቱን ወደ መኪናው ለመጫን ስገፋ ትዕግሥት መጥታ መሪውን ያዘችው።

«ልቀቀው» አለች። የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ወገቧ ላይ ሻጠችው፤ ከሥሩ የወንድሟን ሱሪ ለብሳለች። ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ፔዳሉን በእግሯ አዞረችው፤ መቀመጫውን ዝቅ አደረገችው።

«እኔ ባሕር ዳር ያደግሁ ልጅ ነኝ» አለችኝ። «ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ በሳይክል ነው የተመላለስኩት። እህቴን ከኋላ ጭኜ።»

አፌ ተከፈተ። «አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አምስት ወር ሙሉ ማርሽ እንዴት እንደሚቀየር ስታስተምረኝ ከረምክ። ደስ ብሎህ ስለነበር ዝም አልኩ።» ከዚያ ሳቀች። ሁለት ቀን የጠበቅሁት ሳቅ ነው። «አንተ በአይሱዙ ና። ጉልበትህ ይረፍ።»

ተነሳች። ሄደች ማለት አይበቃም፤ ከመንደሩ እንደ ጥይት ወጣች። አንተነህ ከኋላዋ ይከተላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋይ ለማየት ጊዜ አላገኘም።

እኔ ከአይሱዙው ላይ፣ በሁለት የገብስ ጆንያ መካከል ተቀመጥኩ። ወንዙን ተሻግረን ፍሬኔ የተበጠሰበትን ቁልቁለት ወደ ላይ ስንጀምር ደረስንባቸው። ተሳፋሪው ሁሉ እልል አለላት። እኔም ከላይ ሆኜ፣ «ማርሽ ቀይሪ! ወደ ትንሹ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ አርፈህ ተቀመጥ!» አለችኝ፤ ቀና ሳትል።

አለፍናት። ግማሽ ዳገት ላይ ግን የመኪናው ሞተር ጋለ፤ ጭስ ወጣ፤ ሾፌሩ አቁሞ ውሃ ፍለጋ ወረደ። ሁላችንም ቁልቁል እናያለን። ከታች በኩርባው አንዲት ነጭ ነገር ብቅ አለች፤ ጠፋች፤ ቀረብ ብላ ደግሞ ብቅ አለች። ጠጠሩ ሽር ሽር ሲል ተሰማን። ፊቷ ቀልቷል፤ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ በሕይወቴ እንደዚያ አምራ አላየኋትም። በአጠገባችን ስታልፍ አንድ እጇን ከመሪው አንስታ አውለበለበች።

«ዳባት እንገናኝ!» አለችና ኩርባውን ዞረች።

ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«ምነው እንዴት ያለች ሸጋ ናት እቴ! የማን ናት?»

ደረቴን ነፍቼ የኔ ናት ልል ነበር። አፌ ላይ ሲደርስ ግን አልሆን አለኝ፤ ኩርባውን አንዴ አየሁና ቃሉን ገለበጥኩት።

«እኔ የሷ ነኝ እማማ» አልኳቸው።